አቤ ሲቀበር ኩኩ የት ነበረች?

ፈትሂያ ሱሌማን የመጀመሪያዎቹን የእንግሊዝኛ ቃላት የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ አይታው ከማታውቅ የፋብሪካ ማሽን ነው። ኮምቦልቻ ላይ አጥር የሚጋራቸው ጎረቤታቸው አቤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ጆሮው ውስጥ የቀረውን የማሽን ጩኸት በዜማ እያባረረ ነው ሰፈር የሚደርሰው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጥም ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። «ስታርት» ይላታል፤ ፈትሂያ በግቢው ዙሪያ ትበራለች። «ስቶፕ» ይላታል፤ አንድ እግሯን እንዳነሣች ቀጥ ትላለች። «ዴንጀር» ካለ ደግሞ እናቷ አሚና ልምጭ ይዘው መጥተዋል ማለት ነውና መምህሩም ተማሪዋም ከአጥሩ ሥር ይሸጎጣሉ።

ሰፈሩ ሁሉ አቤ ነበር የሚለው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም። «ጋሼ» ያለውን ልጅ «ጋሼ አባትህ!» እያለ ያሳድደዋል። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፤ ልጅ አልተካም። ሥጋ ዘመድ የሚባል አንዲት እህት ብቻ ነበረችው፤ ኩኩ፣ ከደሴ በላይ ቦሩ ሜዳ። እሱ ይሰግዳል፣ እሷ ትሳለማለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ወይ እሱ ዳገቱን ይወጣል፣ ወይ እሷ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ከደጋው ከእህቱ ዘንድ ወደ ቆላው ሲመለስ ሁሌም ይቺን ያንጎራጉራት ነበር፦

ቦሩ ላይ ደመና፣ ሐርቡ ላይ ነው ፀሐይ፣
አንዱ ቀን ሁለት ነው፣ ለሄደበት ሲታይ።

ፈትሂያ ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ አንድ ጠዋት፣ አቤ ታመመ ሳይባል ሞተ። ዘመን ሄደ። እሷም ተምራ ቢስቲማ ላይ ማስተማር ጀመረች፤ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውራ ከእናት ከአባቷ ቤት ገባች። የተማረችበት የስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት ቆማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ትዳሩ ዘገየባት። የጠየቀ ሰው ሲመጣ እናቷ «ወላሂ ይቺን ልጅ ያገባት እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም ጥሎሽ አልሰጠ!» ይላሉ። ፈትሂያ ትስቃለች። ክፍል ውስጥ ግን ተማሪዎቿን «ስቶፕ!» ስትላቸው፣ ዛሬም ቢሆን፣ ድምፁ የአቤ ነው።

ዘንድሮ ነው እንግዲህ ግራ መጋባቱ የመጣው።

የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለስምንተኛ ክፍሎች አንድ የጋራ የሞዴል ፈተና ይኑራቸው ተባለና ሦስት የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ደሴ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ናቸው፤ ፀጉራቸው ጠመኔ የመሰለ፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው የማይነጥሉ አዛውንት። ሁለተኛው ሙንዚር ነው፤ እዚያው ደሴ ዘጠነኛ ክፍል የሚያስተምር፣ ቀልድ የማያልቅበት ወጣት። ሦስተኛዋ ፈትሂያ ናት፤ ምንባቡና ጥያቄዎቹ ለእሷ ደረሷት።

ያለፈው ዓመት ምንባብ ስለ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ነበር። ልጆቹ ባቡሩ ከመሬት ሥር ምን ሊሠራ እንደገባ ሲያስቡ ሰዓቱ አለቀባቸው። ፈትሂያ ባቡሩን ትታ አቤን ጻፈች። ማሽኑን፣ ዜማውን፣ የአጥሩን ሥር መደበቂያ፣ እህቱን ኩኩን። እየጻፈች ዓይኗ ይሞላል፤ ዓይኗ ሲሞላ ታንጎራጉራለች።

«እኔ እምለው ፈትሂያ፣» አሏት ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው፣ «ይኼ ፈተና ነው ወይስ መንዙማ? ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ቤት ይመታል እኮ።»

«ቤት የመታ እንግሊዝኛ አይረሳም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ድቤ ይዘን ነዋ የምንፈትነው!» አለ ሙንዚር።

ምንባቡ አቤ በሞተበት ጠዋት ላይ ያቆማል። የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው እንዲጨርሱት፣ ፈትሂያ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አዘበራርቃ «በቅደም ተከተል አስቀምጡ» ብላለች። አቤ ሞተ። ጎረቤቶቹ መቃብር ቆፈሩ። እህቱ ከቦሩ ሜዳ ደረሰች። አቤ ተቀበረ። ለእሷ መልሱ ይኸው ነው። ሌላ መልስ ይኖረዋል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

ሙንዚር ጥያቄውን ወስዶ ፈተናው በማይመለከታቸው በራሱ ዘጠነኛ ክፍሎች ላይ ሞከረው። ሲመለስ ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«ክፍሌን ለሁለት ከፈልሽብኝ፣ ፈትሂያ! ግማሹ እህቱ ደርሳ ነው የተቀበረው ይላል፤ ግማሹ ከተቀበረ በኋላ ነው የደረሰችው ይላል። አንዷማ ተነሥታ ‹ቲቸር፣ አቤ ሙስሊም ነው ክርስቲያን?› አለችኝ። ምን አገባሽ ስላት ‹እንዴ፣ ሙስሊም ከሆነማ እህት ትምጣ ተብሎ ጀናዛ አይቆይም!› አለች። ጎኗ ያለችው ደግሞ ‹የእናት ልጅ ሳይደርስ አፈር ይለብሳል?› ብላ ተነሣችባት። እንግሊዝኛ ክፍል ልግባ የቅሬ ስብሰባ ልግባ እኔ ምኑን አውቄ!»

ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ሳቁ። እሳቸውም የሰፈራቸው ቅሬ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጥሪ ወጥቶ በሚቀብርበት ማኅበር፣ ሰው በሞተ ቁጥር ይኼ ክርክር እንደሚነሣ ያውቁታል። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ካለው ሙግት ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም» አሉ። «ለመሆኑ እውነቱ የቱ ነው? እህትየዋ ደርሳለች አልደረሰችም?»

ፈትሂያ «ደርሳለች!» ልትል አፏን ከፈተች። የቀብሩ ዕለት ግን ቀደማት።

በዚያ ዕለት ሴቶቹ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ካለው ግራር ሥር ነበሩ። «መቃብር ያየ ልጅ ይቃዣል፤ ዓይንሽን ጨፍኚ» ብለዋት እናቷ፣ ፈትሂያ ጨፍናለች። ከዚያ የደጋ ብርድ ያልለቀቀው አንድ እጅ መጥቶ እጇን ያዘ። ኩኩ ነበረች። ያ እጅ እየጎተተ በወንዶቹ መሐል ወሰዳት፤ ማንም አልከለከላቸውም። ዓይኗን አልገለጠችም። የሰማችው አፈር ሲወድቅ ነው። ይኼን ነገር በኖረችበት ዕድሜ ሁሉ ስታወራው፣ ኩኩ ደርሳ ወንድሟን ቀበረች ብላ ነው። አሁን ግን ጋሽ ኃይለ ሚካኤል በቀይ እስክሪብቶ ፊት ለፊት ሲጠይቋት፣ ያ የአፈር ድምፅ የመጀመሪያው ይሁን የመጨረሻው ጠፋባት። አፈር ሲወድቅ ስንተኛ መሆኑን አይናገር።

«አላውቅም» አለች።

«ጥያቄውን ብቻ ብናወጣውስ?» አለ ሙንዚር አዝኖላት።

«መጨረሻ የሌለው ምንባብ አላሳልፍም። ልጅ እንዴት ተንጠልጥሎ ይፈተናል?» ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ወረቀቱን መለሱላት። «እስከ ሰኞ አጣሪ። ሰኞ ወደ ማባዣ ይሄዳል። መልሱ አንድ ሆኖ ከመጣ እሰየው። ካልሆነ አቤ ይወጣና የለንደኑ ባቡር ይመለሳል።»

አቤ ይወጣና። ፈትሂያ ኮምቦልቻ እስክትደርስ ይቺን ቃል ስትደጋግማት ቆየች። አቤ አንድ ጊዜ ሞቷል። ልጅ የለው፣ ሐውልት የለው፤ ከፋብሪካውም ስሙ ከተፋቀ ቆይቷል። በዚያ ወረቀት ላይ ግን የስንቱ ትምህርት ቤት ልጅ በአንድ ጠዋት ስሙን ሊያነበው ነበር። አሁን በእሷ ዓይን መጨፈን ሁለተኛ ሊሞት ነው?

ቅዳሜ፣ አባቷ ሱሌማን በረንዳው ላይ የአልጋ እግር ሲልጉ አገኘቻቸው። ሱሌማን አናጢ ናቸው፤ በጉልበታቸው ጊዜ በሰፈሩ ቅሬ መቃብር ቆፋሪዎቹን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ስለ ፈተናው መናገር አይፈቀድላትምና ዙሪያውን ሄደች።

«አባ፣ አቤ የተቀበረ ዕለት ትዝ ይልዎታል? እህቱን ጠብቃችኋት ነበር?»

ሱሌማን መላጊያውን አቆሙ። «ምነው፣ ከስንት ዘመን በኋላ? ውርስ ተገኘ እንዴ?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው የሚባል ነገር ካስተማሪ አፍ ይወጣል?» አሉና መላጋቸውን ቀጠሉ። «አልጠበቅናትም። ጀናዛ አይቆይም። ዙሁር ሰግደን፣ ቀብረን፣ አበቃ።»

ከቤት ውስጥ የእናቷ የአሚና ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ እሳቸው ራሳቸው፣ የበርበሬ ዛላ በእጃቸው እንደያዙ። «ሱብሃነላህ! ጠብቃችኋታል እንጂ! በዚህ ዓይኔ አይቻታለሁ፣ አፈር ስትመልስ።»

«አንቺ ግራሩ ሥር ነበርሽ። ከዚያ የሚታየው የሰው ጀርባ ነው።»

«የኩኩ ጀርባ ጠፍቶኝ ነው?»

«አልጠበቅንም አልኩሽ!»

«ጠብቃችኋል አልኩህ!»

ፈትሂያ በሁለቱ መሐል ቆማ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አየች። የሙንዚር ክፍል እዚህም አለ ማለት ነው። አባቷ እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ነበሩ፤ ሊሳሳቱ አይችሉም። እናቷም እንዲሁ አይምሉም። ሁለት እውነተኛ ሰዎች፣ ሁለት እውነት፣ አንድ አቤ።

«እስቲ እኔን ከምታደርቂኝ» አሉ አሚና ዛላውን እየቀነጠሱ፣ «ለምን ራሷን ኩኩን አትጠይቂም? አለች እኮ፣ አልሞተች!»

እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ዳገቱን ወጣች። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር፤ ሐረጎ ላይ ጉም መንገዱን ዋጠው፤ ደሴ ሲደርሱ ካፊያ ጀመረ። ከደሴ ሌላ ሚኒባስ ይዛ ቦሩ ሜዳ ስትወርድ ነጠላዋ ብርዱን አልቻለውም። አንዱ ቀን ሁለት ነው፣ አለች በልቧ፤ የእኔውስ ሦስት ሊሆን ነው።

እትዬ ኩኩን የገብስ ክምር ካለበት ግቢ በር ላይ፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሸምግለዋል፤ የአንገታቸው ማተብ ጥቁረቱ ለቋል። ዓይናቸው ግን የአቤ ዓይን ነው፤ ያው አንድ ነገር ሊያስቅበት ያሰበ የሚመስል።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የሱሌማን ነኝ፣ እትዬ። የኮምቦልቻው፤ የአቤ ጎረቤት።»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ሳቁ። «ያቺ ዓይኗን የጨፈነችው ነሽ? እሰይ፣ ገለጥሽው!»

ፈትሂያ ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች። ብዙም ሳትዞር ጠየቀቻቸው፤ ዙሪያውን መሄድ ሰልችቷታል። «እትዬ፣ ያን ዕለት ደርሰዋል? አልደረሱም?»

«እሱን ለእኔም ማን በነገረኝ!» አሉ እትዬ ኩኩ። «መርዶው በመኪና ላኩልኝ። በዚያው መኪና ወረድኩ። ደሴን አለፍን። ሐረጎ ላይ ስንደርስ መኪናው ተኛ። ጉም ነው፣ ሰው አይታይም፤ ረዳቱ ጎማውን ሲታገል እኔ አፌን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ፣ የሚሰማኝ ይመስል፣ እንዲህ እል ነበር፦

አፈሩን መልሱት፣ ጥቂት ግን አስቀሩ፣
እህት መንገድ ላይ ናት፣ ከደጋው ከቦሩ።»

ዜማውን ሲያወጡት ድምፃቸው የአሮጊት አልነበረም። ፈትሂያ ዓይኗ ሞላ።

«ስደርስ ወንዶቹ ጨርሰዋል። ሴቶቹ ‹ቆዪ፣ እዚህ ሁኚ› አሉኝ። አልሰማኋቸውም። አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች፤ ፈሪ ለፈሪ ብዬ እጇን ያዝኩና ሄድኩ። መቃብሩ ተሞልቷል፣ ልጄ። ተሞልቷል፤ ግን በራስጌው በኩል ስንዝር የምታህል ጎድሎ አለ። አፈሯ በጎን ተከምራለች። አንድ ሰውዬ ባዶ እጁን አጠገቧ ቆሟል። ‹ይቺ ያንቺ ናት› አለኝ። በእጄ መለስኳት።» መዳፋቸውን ዘረጉና አዩት። «እንግዲህ ደረስኩ ትያለሽ አልደረስኩም? እኔስ ‹ደረስኩ› ብዬ ነው በማርያም ፊት የምናገረው።»

«ሰውዬው ማን ነበር፣ እትዬ?»

«አባትሽ ነዋ!»

ፈትሂያ ቁልቁለቱን ስትወርድ ጉሙንም ፀሐዩንም አላየችም። አባቷ። አልጠበቅናትም ያሉት አባቷ። ግቢ እንደገባች፣ ከነጠላዋ ላይ የደጋው ጤዛ ሳይደርቅ፣ ፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ ለእትዬ ኩኩ ስንዝር አፈር አስቀርተውላቸዋል።»

ሱሌማን እንደ ተያዘ ልጅ ወደ መሬት አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ማን አስቀረ?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የአካፋው እጀታ ተሰበረ! ሌላ አካፋ እስኪመጣ ቆምን። በዚያ መሐል ሴትየዋ ከተፍ አለች። ባዶ እጄን ቆሜ ምን ልበላት? ‹ይቺ ያንቺ ናት› አልኳት። በቃ።»

«ይኸው!» አሉ አሚና ከጓዳ። «ጠብቃችኋታል አላልኩም?»

«እሷን አይደለም! አካፋ ነው የጠበቅነው!»

አሚና ሳቃቸው ከጓዳ አልፎ ግቢውን ሞላው። «አብሽሪ ልጄ» አሉ ሳቁ መሐል፣ «ይኼ ሰውዬ ደግ ሠርቶ ከተያዘ ይታመማል።»

ፈትሂያ ግን አልሳቀችም። ለኩኩ ሲባል ቀረ? ወይስ እንጨት ተሰብሮ ቀረ? የኩኩ ግጥም ከሐረጎ ጉም ውስጥ ወርዶ አባቷ ጆሮ ደረሰ? ወይስ አጋጣሚ ነው? ሦስት ሰው ጠይቃ ሦስት ቀብር አገኘች። ቅዳሜ አንድ ነገር ነበር ያላወቀችው፤ እሑድ ማታ ያላወቀችው በዛ።

አንድ ነገር ብቻ በሦስቱም ውስጥ አለ። አፈሯ ቀርታለች።

ሰኞ ደሴ ላይ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ወረቀቱን ተቀበሏት። ዓረፍተ ነገሮቹ አምስት ሆነዋል። አቤ ሞተ። ጎረቤቶቹ መቃብር ቆፈሩ። ቀብረውት ጥቂት አፈር አስቀሩ። እህቱ ከቦሩ ሜዳ ደረሰች። የቀረውን አፈር እሷ መለሰችው። አዛውንቱ እያንዳንዷን በጣታቸው እየነኩ ወዲህ ወዲያ አዘዋወሯት። ሌላ አልሆን አለቻቸው። ወረቀቱን ለሙንዚር ሰጡት፤ እሱም ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ።

«ክፍሌን አስታረቅሽልኝ» አለ። «ያቺ ጀናዛ አይቆይም ያለችውም አልተሸነፈች፣ ያቺኛዋም አልተሸነፈች።»

«እውነት ነው ግን?» ጠየቁ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል። «እንዲህ ነው የሆነው?»

«መልሱ አንድ ነው፣ ጋሼ። እውነቱን ግን እንጃ።»

«አፈሩን ለምን አስቀሩ?» አለ ሙንዚር ዓይኑ በርቶ። «ይቺ ራሷ ጥሩ ጥያቄ ናት እኮ! ምርጫ እንስጣቸው፤ ኤ፣ ለእህቱ ብለው፤ ቢ፣...»

«ተው!» ብላ ጮኸች ፈትሂያ። ሁለቱም ዞረው አዩዋት። «እሷን... እሷን አታስገባት። ለሷ መልስ የለኝም።»

ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ብዙ ዘመን ቀባሪ ሆነው ኖረዋልና ምንም አልጠየቁም። ቀይ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ከወረቀቱ ግርጌ ፈረሙ። «እንግዲህ ባቡሩ ለንደን ይቅር» አሉ። «አቤ ይፈትን።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮምቦልቻ ገባች። አባቷ መስጊድ ሊሄዱ ውዱእ ያደርጋሉ። ፈትሂያ ቀጥታ ወደ ቤት አልገባችም፤ አባቷ የሥራ ዕቃቸውን ወደሚያስቀምጡባት ጥግ ሄደች። አካፋው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ አካፋ ኖሮ አያውቅም። እጀታው ወይራ ነው፣ አባቷ ራሳቸው የጠረቡት፣ የእጃቸው ላብ ያጠቆረው። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው። ስንጥቅ የለው፣ ቅጥያ የለው፣ ምስማር የለው።

«አባ፣» አለች፣ «ያን ዕለት የተሰበረው ይኼ ነው?»

ሱሌማን ውኃውን በክንዳቸው ላይ አፈሰሱ። ፊታቸውን አላዞሩም።

«ሌላ ነው» አሉ። «የሰው አካፋ ነበር።»